የማዕድን ወፍጮ የኃይል ፍጆታ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት ይጠየቅ



ስለ ማዕድን በሚደረግ ክርክር ዘወትር የሚነሡት የመሬት ካሳ፣ የመንግሥት ድርሻና የሳያናይድ ብክለት ናቸው። ተገቢም ነው። ወፍጮው ግን ተረስቷል። ወርቅም ሆነ መዳብ የሚለየው ድንጋዩ ከደቀቀ በኋላ ሲሆን፣ በብዙ ማምረቻዎች ከሁሉ የላቀውን የኤሌክትሪክ ኃይል የሚወስደው ይኸው ማድቀቅ ነው።

የተለመደው መሣሪያ የብረት ኳሶች የሚንከባለሉበት ግዙፍ ተሽከርካሪ በርሜል ነው። ኳሶቹ ድንጋዩን ይቀጠቅጣሉ፤ እርስ በርሳቸውም ይጋጫሉ። ድንጋዩን በመስበር ላይ የሚውለው ኃይል ጥቂት በመቶ ብቻ ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይባክናል።

ጀርመናዊው ክላውስ ሾነርት ድንጋይን በሁለት ከባድ ተሽከርካሪ ጥቅልሎች መካከል ጨምቆ መስበር ያነሰ ኃይል እንደሚጠይቅ አሳየ። ዘዴው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሲሚንቶ ፋብሪካዎች ተጀምሮ፣ በ2006 በፔሩ የሴሮ ቬርዴ መዳብ ማምረቻ በሰፊው ተተክሏል። እርጥብና ጭቃማ ድንጋይ ግን አይስማማውም፤ ስለዚህ አንዱን መሣሪያ በሕግ ማዘዝ ስሕተት ይሆናል።

ከመሣሪያው ምርጫ ባልተናነሰ የሚጠቅመው ከሚገባው በላይ አለማላም ነው። ለቂንጬ የሚሸረከተውን እህል እንደ ዱቄት የሚያልም ባለሙያ የለም። አሜሪካዊው ፍሬድ ቦንድ በ1952 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ቀመር ሲሰላ፣ መካከለኛ ጥንካሬ ያለውን ድንጋይ ከ10 ሚሊ ሜትር ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ማድቀቅ በቶን 13.5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። በ0.15 ሚሊ ሜትር ላይ ቢቆም ግን 10.7 ይበቃል። በዓመት 5 ሚሊዮን ቶን ለሚፈጭ ፋብሪካ ልዩነቱ ወደ 14 ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ይጠጋል። እርግጥ ወርቁ በሸርክቱ ውስጥ ተደብቆ እንዳይቀር አስቀድሞ በቤተ ሙከራ መፈተሽ አለበት።

ጉዳዩ ኢትዮጵያን በቀጥታ ይነካል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ፣ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ቦንድ የገዙለት፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ይገኛል፤ ሰፊው የኩርሙክ ወርቅ ፕሮጀክትም በዚያው ክልል ነው። ከአገሪቱ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ መብራት ባላገኘበት ጊዜ፣ ወፍጮ የሚያባክነው ኃይል የባለሀብቱ የወጪ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይችልም። ወፍጮ ደግሞ አንዴ መሠረቱ ላይ ከተተከለ ለአሥርት ዓመታት አይነቀልም። ስለዚህ ጥያቄው ከፈቃዱ መቅደም ይኖርበታል፦ አመልካቹ በቶን የሚፈጀውን ኃይል፣ ያነጻጸራቸውን አማራጮችና የድቀት ፈተናውን ውጤት ያቅርብ፤ ሥራ ሲጀምርም ፍጆታውን በየዓመቱ ለሕዝብ ይግለጽ።

በውጭ አገር ምክር ቤቶች የምትሠሩ ባልደረቦችም መግቢያ በር አላችሁ። የዓለም አቀፉ ፋይናንስ ኮርፖሬሽን 3ኛ የአፈጻጸም መስፈርት ተበዳሪዎች በቴክኒክና በገንዘብ አዋጭ የሆኑ የኃይል ቁጠባ እርምጃዎችን እንዲወስዱ ያዛል። መንግሥቶቻችሁ የኮርፖሬሽኑ ባለድርሻዎች ናቸው፤ ለማዕድን ብድር በቀረበ ቁጥር የወፍጮው ሰነድ እንዲታይ መጠየቅ ይቻላቸዋል።