እንጀራና ዳቦ ለምን ይሻግታል?

በክረምት የጎተራው እህል ሲሳሳ የደከማችሁበት እንጀራና ዳቦ በ3 በ4 ቀን ይሻግትባችኋል። ለምን ይመስላችኋል? ከእርጥበት የተነሣ ነው። የሻጋታ ዘር በዓይን ሳይታይ በአየር ይበራል፤ እርጥብ ነገር ሲያገኝ ይበቅላል። ድርቆሽ ብዙ ጊዜ የሚቆየው እኮ እርጥበቱ ስለ ወጣለት ነው።

ስለዚህ ትኩሱን እንጀራ ወዲያው መሶብ ከትታችሁ አትክደኑት፤ ያልበዋል፣ ላቡም መልሶ ያረጥበዋል። ዳቦውም እንደዚሁ ነው። በሰፌድ ላይ አድርጋችሁ ንጹሕ ጨርቅ ጣል አድርጉበትና ይቀዝቅዝ። መሶቡንም ፍርፋሪውን አራግፋችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት።

የሻገተውን ላይ ላዩን ፍቃችሁ ለልጅ አታብሉ፤ ሥሩ ወደ ውስጥ ዘልቋል፣ መርዝም ሊኖረው ይችላል። እንዲያው ጣሉት። ከልጅ ጤና የሚበልጥ እንጀራ የለምና።