አየኸው ወይስ ሰማኸው?

 

ከአዋሽ ወደ ሚሌ ስትነዱ፣ ገዋኔን አለፍ ብላችሁ አዳይቱን ታገኛላችሁ። የጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪኖች ትንፋሽ የሚሰበስቡባት ሞቃት ከተማ ናት። እዚያ ከሻይ ቤት ጥላ ሥር አንድ ሾፌር ለአንድ የአፋር ሽማግሌ ስልኩን ሲያሳይ አየሁ። ስልኩ ላይ በብሌን ዙሪያ ያለው ባለቀለም ክብ፣ አይሪስ የሚባለው፣ እንደ እርሻ ማሳ ተሸንሽኗል።

«አባባ፣ ይኸው ከታች በኩል ያለው ኩላሊት ነው። ዓይንዎን አይተው በሽታዎን ይነግሩዎታል፤ መርፌ የለ፣ ደም መስጠት የለ!»

ዳጉ በሚባለው የአፋር የወሬ ልውውጥ ባህል ያደገ ሰው ወሬን እንዲሁ አይቀበልም። «ልጄ፣ አየኸው ወይስ ሰማኸው?» አሉት።

ጥያቄያቸውን ይዤ ወሬውን ተከተልኩት። መነሻው ኢግናዝ ፎን ፔክዜሊ የተባለ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የሃንጋሪ ሐኪም ነው። በልጅነቱ የአንዲት ጉጉት እግር ሰበረ፣ ዓይኗ ላይም ጥቁር መስመር አየ ይባላል። ከአንዲት ጉጉት የመላው ሰው አካል ካርታ ወጣ!

አይተው የመሰከሩትስ? እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ የ143 ሰዎች አይሪስ ፎቶ ተነስቶ፣ ማን የኩላሊት ሕመምተኛ ማን ጤነኛ እንደሆነ ሳይነገር፣ አይሪስ አይተን በሽታ እንለያለን ለሚሉ ባለሙያዎች ቀረበ። በዕጣ ቢለዩዋቸውም ከዚያ አይብስም ነበር።

ሌላው ምስክር በየኪሳችን ነው። ለፋይዳ መታወቂያ ስንመዘገብ ከአሥር ጣታችን ጋር አይሪሳችንም ይነሳል፤ የእያንዳንዳችን ጥለት የተለየ ነው፣ ዓመታት ቢያልፉም እንደነበረ ይቆያል። በታመምን ቁጥር ቢለዋወጥማ፣ ወባ በያዘን ማግስት ፋይዳ «አላውቅህም» ባለን ነበር!

ዓይን ግን ዲዳ አይደለም። የጤና ባለሙያዋ የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልብጣ ስታየው ከነጣ ደም ማነስ ትጠረጥራለች። ነጩ ቢጫ ከሆነ ወደ ጉበት ታስባለች። ስኳርና የደም ግፊትም ከዓይን ጀርባ ባሉ ደም ሥሮች ላይ አሻራ ይተዋሉ። ልዩነቱ፣ እርሷ የጠረጠረችውን ወደ ላቦራቶሪ ትልካለች፤ ባለካርታው ግን እዚያው ይፈርዳል።

ሾፌሩ በመጨረሻ «የሰማሁት ነው» አለ። ሽማግሌው ስልኩን መለሱለትና፣ «እንግዲያው ስታወራ፣ ሰማሁ እያልክ አውራ» አሉት።