የናፍጣ ጥላሸት ጸጥተኛ ዱቄት ነውን?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ጥላሸት እንናገራለን ስንል አንዳንዶቻችሁ ሳትስቁ አልቀራችሁም። እኛም ነገሩን የጀመርነው በሳቅ ነበር። ጧት ጧት የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ከኬሚስትሪ ክፍል መስኮት ሥር ቆሞ ሞተሩን ሲያሞቅ፤ አንዱ ጓደኛችን ነጭ መሐረብ በጭስ ማውጫው ፊት ለጥቂት ደቂቃ ያዘ። መሐረቡ ጠቆረ። ውሃ ብናንጠባጥብበት ውሃው ተንከባለለ እንጂ አልገባበትም። በመምህራችን ፊት በቤንዚን ብንነክረው ግን ጥቁሩ በጨርቁ ላይ ሲቀር ቤንዚኑ ቢጫ ሆነ። ጥቁሩስ ካርቦን ነው፤ ቢጫው ምንድን ነው?

ከመካከላችን የአንዱ አባት የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው። በብርድ ሌሊት ሞተሩን ሳያጠፉ በጋቢናው ውስጥ የሚተኙ ሰው ናቸው። ያየነውን ብንነግራቸው፤ «ልጆቼ፤ ጥላሸት ከሰል ነው። ደብተራው እንኳ ቀለም አድርጎ ይጽፍበታል» አሉን።

ይህ መልስ የሚናቅ አይደለም። በየገዳማቱ ያሉት የብራና መጻሕፍት ጥቁር ቀለማቸው ከጥላሸት የተሠራ ሲሆን፤ ብዙ መቶ ዓመት ኖረው ዛሬም ይነበባሉ። ይኸውም ካርቦን በተራ ሙቀት ከአየርም ከውሃም ጋር በቀላሉ የማይዋሐድ ጸጥተኛ ነገር ስለሆነ ነው። ታዲያ እንዲህ ያለው ነገር ሰውን እንደምን ይጎዳል? ብዙ ቀን ያከራከረን ይህ ነው።

ናፍጣ በሲሊንደሩ ውስጥ ሲረጭ ከጠብታው ዙሪያ ያለው አየር አግኝቶ ይነዳል፤ በመካከል ያለው ግን አየር ያጥረዋል። ሙቀቱ ሃይድሮጂኑን ሲነጥቀው የቀረው ካርቦን ቀለበት እየሠራ፤ ቀለበቱም ከቀለበት እየተጣበቀ፤ በመጨረሻ እንደ ወይን ዘለላ የተያያዙ ጥቃቅን እንክብሎች ይሆናል። አንዱ ዘለላ ከጠጕር ውፍረት በብዙ መቶ እጥፍ ያንሳል። እንክብሎቹ እጅግ ትንንሽ ስለሆኑም የአንድ ግራም ጥላሸት ገጽ ቢዘረጋ ወደ 100 ካሬ ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ የሁለት ክፍል ወለል ማለት ነው። በዚህ ሰፊ ገጽ ላይ ያልነደደ ናፍጣ፤ የሞተር ዘይትና ብዙ ቀለበት ያላቸው ውሑዶች ይለጠፋሉ። ቢጫው ይህ ነው።

ከነዚህ ውሑዶች አንዱ ቤንዞፓይሪን ይባላል። ታሪኩ ረጅም ነው። የለንደኑ ሐኪም ፐርሲቫል ፖት እ.ኤ.አ. በ1775 የቤት ጭስ ማውጫ በሚጠርጉ ሰዎች ላይ የሚወጣው ካንሰር ከጥላሸት የመጣ መሆኑን ጻፈ። እንግሊዛውያን ኬሚስቶችም እ.ኤ.አ. በ1933 ቤንዞፓይሪንን ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን ለይተው አወጡ። (የማድ ቤታችንም ጭስ ከዚህ ነጻ አይደለም፤ እርሱ ግን ራሱን የቻለ ንግግር ይፈልጋል።)

ገጹም ቢሆን ዝም ብሎ የሚሸከም ብቻ አይደለም። በአየር ውስጥ ሲቆይ ከኦዞን ጋር ይዋሐዳል፤ ውሃ ይሸሽ የነበረው ዱቄትም ቀስ በቀስ ውሃ የሚወድ ይሆናል። ከሁሉ ያስገረመን ግን የናይትሮጂን ዳይኦክሳይድ ጠባይ ነው። ጥላሸት በተራ ኦክሲጅን እንዲነድ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሲያስፈልገው፤ በዚህ ጋዝ ግን ከ250 እስከ 350 በሚሆን ሙቀት ይቃጠላል። የአዳዲስ መኪናዎች ማጣሪያ ጥላሸቱን የሚያጠፋው በዚህ ዘዴ ነው። ያው ጋዝ ግን ከባለ ቀለበቶቹ ውሑዶች ጋር ሲገናኝ የናይትሮ ውሑዶችን ይሠራል፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ የሕዋስን ዘር በብርቱ የሚያበላሹ ናቸው።

ዘለላዎቹ አፍንጫና ጉሮሮ ሳያግዳቸው እስከ ሳምባ ጫፍ ይደርሳሉ። በዚያም በገጻቸው ያሉት ኪኖን የተባሉ ውሑዶች ኦክሲጅንን ወደ ቁጡ ዓይነት እየለወጡ ሕዋሱን ያቆስላሉ፤ አስም ይብሳል፤ ልብም ይጎዳል። በአሜሪካ 8 የማዕድን ጉድጓዶች የሠሩ ከ12,000 በላይ ሠራተኞች ተጠንተው፤ ጭሱን አብዝተው የተነፈሱት በሳምባ ካንሰር ይበልጥ መሞታቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ታተመ። በሊዮን የሚገኘው ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ድርጅትም በ1988 «ሳያመጣ አይቀርም» ብሎት የነበረውን የናፍጣ ጭስ፤ በዚያው በ2012 በእርግጥ ካንሰር አምጪ ከሆኑት ጋር መደበው።

ከተማችን አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ስለሆነ፤ ሲሊንደር የሚስበው አየር በባሕር ጠረፍ ከሚስበው አምስት እጅ አራቱን ያህል ብቻ ይመዝናል። ተርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር ጭነት ይዞ የእንጦጦን ዳገት ሲወጣ የሚጠቁረው ስለዚህ ጭምር ነው። ብዙ ሰው ጥቁሩን ጭስ የጉልበት ምልክት ያደርገዋል፤ ነዳጁ ግን ሳይነድ እየባከነ ነው።

ሾፌሩ አባታችን ይህን ሁሉ ሰምተው ቢጫውን ብልቃጥ ወደ ብርሃን አንሥተው አዩት። «እሺ፤ ታዲያ ምን ላድርግ? መኪናው እንጀራዬ ነው» አሉ። መኪናውን ይተዉ ልንላቸው አንችልም። ሲተኙ ሞተሩን እንዲያጠፉና ብርድ ልብስ እንዲጨምሩ፤ በተዘጋ ጋራዥ ሞተር እንዳያሞቁ፤ የአየር ማጣሪያውንም በፊታቸው አጠገብ እንዳያራግፉ ብቻ ነገርናቸው። ብርድ ልብሱን ልጃቸው ገዝቶላቸዋል።

የእኛም አውቶቡስ እስከ ትናንት ጧት ድረስ ከዚያው መስኮት ሥር ነበር። በመስኮቱ ውስጥ የሚቀመጡት የ7ኛ ክፍል ልጆች ናቸው። ከዚያ እስከ ታችኛው በር ድረስ 80 እርምጃ ነው፤ ቆጥረነዋል።