በዛፍ ጥላ ሥር የተከፈተ ትምህርት ቤት



በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ብዙ ወገኖቻችን ቀዬአቸውን ጥለው ወደ ደብረ ብርሃን በተሰደዱ ጊዜ፥ ልጆቻቸውም ከትምህርት ተለይተው ነበር። ይህን ሳስብ የጎረቤታችን የቡልጋው ተወላጅ የአቶ አስፋው የምሩ ነገር ትዝ ይለኛል።

እርሳቸው በብላቴንነታቸው ብቻቸውን አዲስ አበባ ገብተው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ያደሩ ነበሩ። በኋላም በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ሲማሩ፥ ከተማሪዎች ማዕድ የተረፈውን እየሰበሰቡ ለችግረኞች ያካፍሉ ነበር። ችግረኞቹም ከምግቡ አልፈው ፊደል እንዲያስቈጥሯቸው ለመኑአቸው። አስፋውም ገና ተማሪ ሳሉ፥ የመምህርነትን ሙያ ከማንም ሳይማሩ፥ በአቅራቢያው ባለው ቤተ ክርስቲያን ከዛፍ ሥር ማስተማር ጀመሩ። ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም መሬት ተሰጥቷቸው፥ በ1950ዎቹ ዓ.ም. አሰረ ሐዋርያት የተባለውን ትምህርት ቤት አቆሙ። በዚያ ለድኆች ክፍያ የለም፤ ልጅም አይገረፍም፤ ይህስ በየኔታ አርጩሜ ላደግነው ለእኛ ምንኛ እንግዳ ነው! በ1993 ዓ.ም. ስለ ሕፃናት መብት ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ፤ በ2013 ዓ.ም. ዐረፉ።

እኛም ሰፊ ዐጸድ አለን። ጓሳው ለአጨዳ ሲከፈት ከየቤቱ አንዳንድ ሸክም ሣር ቢዋጣ፥ ለተፈናቃዮቹም ለጎረቤት ልጆችም የሚበቃ ዳስ ይከደናል። ስለዚሁ ከቅዳሴ በኋላ ከሰበካ ጉባኤው ጋር እንድንመክር እለምናለሁ።