ከመሸኘታችን በፊት እንቁጠር
(በሐዋሳ ከተማ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት ከቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ የምንነጋገረው ለሥራ ወደ ዐረብ ሀገር ስለሚሄዱ እኅቶቻችን ነው። ከሐዋሳና ከአካባቢዋ የሚነሡ ብዙዎቹ ከመንገዳቸው በፊት ከንስሐ አባታቸው ቡራኬ ይቀበላሉ። ያቺ ሰዓት ለምክርም የተመቸች መሆኗን ግን ዘንግተን ቆይተናል።

በአገልግሎታችን ያጋጠመንን እንንገራችሁ። ለአንዲት እኅታችን ጉዞ አባቷ በአራጣ ተበደሩ፤ ገንዘቡም ለደላላና ለሽኝት ድግስ ዋለ። የመጀመሪያው ዓመት ደመወዟ ለዕዳው ሄደ። ከዚያ በኋላ የላከችው በወንድሟ ስም ገባ። ከ4 ዓመት በኋላ ስትመለስ የጠበቃት ጣሪያ ያልለበሰ ግድግዳ ብቻ ነበር። ወንድሟ አልሰረቃትም፤ በየወሩ የመጣው ለቀለብ፣ ለልቅሶና ለትምህርት ቤት ክፍያ እየወጣ አለቀ እንጂ። ከገንዘቡ ምን ያህሉ ለእርሷ እንዲቀመጥ ማንም አስቀድሞ አልተነጋገረም። እኛም ባርከን ሸኘናት እንጂ አልጠየቅናትም።

ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግንብ ሊሠራ ስለሚወድ ሰው ያስተማረው ለዚህም ይሠራል። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እንድትጠይቁ እናሳስባለን።

አንደኛ፦ የምትከፍለው ምንድን ነው? በውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ መጓጓዣ፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ ክፍያ የአሠሪው ነው። የሠራተኛዋ ድርሻ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫና የመሳሰሉት ናቸው። ለቪዛ ክፈይ የሚላት ደላላ የማይገባውን ይጠይቃታል። የራሷን ድርሻ ግን ዕቁብ ገብታ ልታጠራቅመው ትችላለች፤ የአባቷ መሬት በመያዣ ሊገባ አይገባም።

ሁለተኛ፦ ደመወዙ እንዴት ይከፈላል? ለምሳሌ የወር ደመወዟ 1,000 ሪያል ቢሆን፣ 400 ለቤተሰብ፣ 100 ለራሷ ወጪ፣ 500 ለቁጠባ ይሁን ብለው ወላጆችና ልጅ በንስሐ አባት ፊት ይስማሙ። በ2 ዓመት ቁጠባው 12,000 ሪያል ይሆናል። ቤተሰቡም 400ው ካልበቃው ዛሬ ይናገር፤ እርሷ በባዕድ ሀገር ሳለች በስልክ ከመለመን ይሻላል።

ሦስተኛ፦ ቁጠባው በማን ስም ነው? ከመሄዷ በፊት በራሷ ስም የባንክ ሒሳብ ትክፈት። የቤተሰቡና የእርሷ ገንዘብ በአንድ ሒሳብ አይግባ። የወንድም ፍቅር የሒሳብ ደብተርን አይተካምና።

አባቶቻችን፤ ሂዱ ወይም ቅሩ ማለት የእኛ ድርሻ አይደለም። ለሚሄዱት ግን የሽኝቱን ድግስ አሳንሰን ምክሩን እናብዛላቸው። ልጃችን ስትመለስ የምትገባበት ቤት የሚሠራው ከመሄዷ በፊት በምንነጋገርባት በዚያች ሰዓት ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።