መንግሥቱ ወርቁ በደጋፊዎቹ አፍ



ዛሬ የማነሳው ስለ አንድ ኳስ ተጫዋች ቢሆንም ጉዳዬ ከእሱ ይልቅ እሱን ያዩት ሰዎች ናቸው። መንግሥቱ ወርቁን ሜዳ ላይ አላየሁትም። ከእናንተም ብዙዎቻችሁ አላያችሁትም። ቴሌቪዥን ኢትዮጵያ የገባው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን የመንግሥቱ ትልቁ ቀን ግን ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው። እኛ የምናውቀው መንግሥቱ እንግዲህ የቲፎዞ አፍ የሠራው መንግሥቱ ነው። ይህን የምለው ለማሳነስ አይደለም።

እስቲ ወደዚያ ቀን እንመለስ። ዕለቱ እሑድ ነበር። ጥምቀት ዓርብ ተከብሮ፣ ቅዳሜ የቃና ዘገሊላው ሚካኤል ገብቶ፣ ከተማው ገና ከበዓል ስሜቱ አልወጣም። ያኔ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም በሚባለው ሜዳ የ3ኛው አፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ሊደረግ ነው። የኢትዮጵያ ተጋጣሚ ግብፅ ናት፤ በጊዜው መጠሪያዋ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ። ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደችው እሷ ስትሆን በ1949 ካርቱም ላይ፣ በ1951 ደግሞ ካይሮ ላይ ኢትዮጵያን ሁለቱንም ጊዜ 4 ለ 0 ረትታለች። ይህ ቂም ካልታወቀ የዚያን ቀን ጩኸት አይገባም። ከሳምንት በፊት የነበረው ጨዋታም ቀላል አልነበረም፤ ቱኒዝያ 2 ለ 0 መርታ ነበር በመጨረሻ 4 ለ 2 የተሸነፈችው። ከአራቱ ጎሎች ሁለቱ የመንግሥቱ ናቸው።

በፍጻሜው ግብፆች በበደዊ ጎል መሩ። ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ፤ ደስታው ሳይበርድ በደዊ ደገመ። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ሁለተኛዋን አገባ። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛዋን ጨመረ፤ መንግሥቱ ደግሞ ጨዋታው ሊያበቃ ሲል አራተኛዋን። ሉቺያኖ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። መንግሥቱም 3 ጎል ይዞ ከበደዊ ጋር የውድድሩ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ።

መዝገቡ የሚነግረን ይህን ያህል ነው። ደጋፊው ግን ከዚህ ነው የሚጀምረው።

የድሮ ደጋፊ ስለ መንግሥቱ ሲያወራ መጀመሪያ የሚነግራችሁ የቆመበትን ቦታ ነው። ካታንጋ ነበርኩ ይላል፤ ወይም ሚስማር ተራ፣ ወይም ጥላ ፎቅ፣ ወይም ከማን አንሼ። ይህን ብሎ ነው ወደ ጎሉ የሚያልፈው። እኔ በዚህ ጉዳይ የራሴ ፍርድ አለኝ። ደጋፊን ስለ ቁጥር አልጠይቀውም። የሕዝቡ ብዛት በየዓመቱ ይጨምራል፤ ኳሷ የተመታችበት ርቀትም እንዲሁ። በዚያ ቀን ስታዲየም ገባሁ የሚለው ሁሉ እውነት ገብቶ ቢሆን ሜዳው ለተጫዋች ቦታ ባልተረፈው ነበር። ስለ ቦታና ስለ ፍርሃት ሲናገር ግን አምነዋለሁ። ከኋላው ማን እንደገፋው፣ በበደዊ ሁለተኛ ጎል ሰው ሁሉ እንዴት ዝም እንዳለ ሲነግረኝ አይዋሽም፤ እንዲህ ያለውን ነገር አስውቦ የሚያተርፈው የለምና።

ከሁሉ በላይ የማምነው ደግሞ በመንግሥቱ የተጎዳውን ምስክር ነው። መንግሥቱ የክለብ ዘመኑን ያሳለፈው በቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። የጊዮርጊስ ደጋፊ ቢያሞግሰው ምን ይደንቃል? የመቻል ደጋፊ የነበረ ሽማግሌ ግን ጥርሱን ነክሶ «ቴስታውን ተወው፣ እሱ ሲነሳ በረኛችን ቀድሞ ያለቅስ ነበር» ሲል ስትሰሙ፣ ያ ከየትኛውም ሽልማት የሚበልጥ የምስክር ወረቀት ነው።

በዚህ በካዛንቺስ ሰፈር ያለቀ ክርክር አልነበረም። መንግሥቱ ይበልጣል ወይስ ሉቺያኖ? በጭንቅላቱ ነው የሚያስፈራው ወይስ በእግሩ? አንዱ ጎሉን ያነሳል፣ ሌላው መሐል ሜዳውን የያዘው ማን ነበር ይላል። ሉቺያኖ በኋላ አገሩን ለቆ ጣልያን ኖረ፤ በ2015 መባቻ እዚያው አረፈ። መንግሥቱ እዚሁ ከእኛ ጋር ቆየ፣ አሰልጣኝ ሆነ፣ በ1974 ብሔራዊ ቡድኑን ይዞ ሊቢያ ለአፍሪካ ዋንጫ ተጓዘ፤ በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. ዐረፈ። በአፍሪካ ዋንጫ ያገባቸው 10 ጎሎች ዛሬም ከውድድሩ ታላላቅ አግቢዎች ተርታ ያሰልፉታል። ስሙን ያቆየለት ግን ቁጥሩ አይመስለኝም። ሁሉም ቢስማማበት ኖሮ ተደምድሞ ይረሳ ነበር፤ ያቆየው ክርክሩ ነው። ክርክር ደግሞ ተቃዋሚ ይፈልጋል፤ ተቃዋሚውም ቅርብ መሆን አለበት።

ካዛንቺስን የማነሳው ለዚህ ነው። ከዚህ ተነስቶ በባምቢስ በኩል መስቀል አደባባይን አቋርጦ ስታዲየም ለመግባት ታክሲ አያስፈልግም ነበር። ቲፎዞው በእግሩ ሄዶ በእግሩ ይመለስ ነበርና ጨዋታው መንገድ ላይ ሁለተኛ ጊዜ ይጫወታል፤ ሦስተኛው ጨዋታ ቡና ቤት ነው፤ አራተኛው በማግስቱ ደጃፍ ላይ። ልጆች በጨርቅ ኳስ «እኔ መንግሥቱ ነኝ» እያሉ የሚጣሉት ከዚያ ሰምተው ነው። ሬዲዮም አገዘ፤ የሰለሞን ተሰማን፣ ኋላም የደምሴ ዳምጤን ድምፅ የማያስታውስ አዛውንት ደጋፊ የለም። ገነነ መኩሪያ «ሊብሮ» ደግሞ ይህን የአፍ ታሪክ ከየሰዉ እየለቀመ በጋዜጣና በሬዲዮ አቆይቶልናል፤ ባለውለታችን ነው።

በ2017 መጀመሪያ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሳ ጎረቤቱ ተበተነ። ገላን ጉራ የገባ አለ፣ ኮንዶሚኒየም የደረሰው አለ። ስለ ቤቱና ስለ ካሳው ብዙ ተብሏል፤ እኔ የምጨምረው የለኝም። ነገር ግን የጊዮርጊሱ ሽማግሌ ገላን ጉራ፣ የመቻሉ ሌላ ጫፍ ከሆኑ፣ መንግሥቱን እያነሳ የሚሞግተው ማን ነው? ልጁ የአርሰናልን ጨዋታ ዲኤስቲቪ ቤት ሊያይ ሄዷል። ልጁን አልወቅስም፤ ድጋሚውን በስልኩ ያየዋል። የመንግሥቱ አራተኛ ጎል ግን ድጋሚ የለውም። በዚያ እሑድ የ10 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ከ70 አልፏል።

ስለዚህ ንግግሬን እዚህ ላይ አቁሜ ድምፅ ማጉያውን ልልቀቅ። መቅጃው ተከፍቷል። በዚያ ቀን ስታዲየም የነበራችሁ አባቶች ስማችሁንና የቆማችሁበትን ቦታ በመናገር ጀምሩ። ካታንጋ የነበራችሁ ትቀድማላችሁ፤ ጥላ ፎቆች ደግሞ ለመቃወም ተዘጋጁ።