ግድግዳው ይተንፍስ



የሐረር ጁገልን ታሪክ ልነግራችሁ አልመጣሁም። ግንቡን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሚር ኑር እንዳስገነቡት፣ የጥንት በሮቹ 5፣ መስጊዶቹ 82 መሆናቸውን እዚህ የተወለደ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ሲመዘግበን የጨፈርነውም እኛው ነን። ዛሬ የማወራው ስለ ሲሚንቶ ብቻ ነው።

ባለፈው ዝናብ የተናደውን ግድግዳ አይታችኋል። አልሐምዱሊላህ፣ ሰው አልተጎዳም። ሰፈሩ ሁሉ «ቤቱ አርጅቶ ነው» አለ። ሄጄ ፍርስራሹን አገላበጥኩ። የሲሚንቶው ልስን ሳይሰበር ተገንጥሎ ወድቋል። ከጀርባው ድንጋዩን የያዘውን ጭቃ ሳነሳው በጣቶቼ መሃል ውሃ ወረደ። እርጅና ቢሆን ኖሮ ቤቱ በአያቶቻችን ዘመን በወደቀ ነበር። የወደቀው ከተለሰነ በኋላ ነው!

የጌ ጋር፣ የባህላዊ ቤታችን፣ ግድግዳ ድንጋይና ጭቃ ነው። ከመሬትም ከጣሪያም እርጥበት ይስባል፤ በኖራው በኩል ደግሞ መልሶ ያወጣዋል። ሲሚንቶ ስትለስኑበት በሐምሌ የላስቲክ ካፖርት ለብሶ ዳገት እንደወጣ ሰው ይሆናል፤ ከውጭ ደረቅ፣ ከውስጥ ርጥብ። ጭቃው ይላላል፣ በመሃል ያለው እንጨት ይበሰብሳል። ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ልስኑን በጣታችሁ አንኳኩ። ባዶ ድምፅ ከሰጠ፣ ከግርጌው ነጭ ጨው ካወጣ፣ ግድግዳው ከልስኑ ተለያይቷል ማለት ነው። በላዩ ሌላ ሲሚንቶ አትጨምሩ!

ምነው ፊታችሁ ተቀየረ? አቦ፣ ገብቶኛል። ወረቀቴን ላስቀምጠውና እንነጋገር። «ኖራ በየዓመቱ መቀባት አለበት፤ ሲሚንቶ አንዴ ተለስኖ ያልቃል» ትላላችሁ። ያልቃል፣ ከግድግዳው ጋር አብሮ! ለረመዳን ቤት የምናሳምረው ለውበት ብቻ መስሏችሁ ነው? እናቶቻችን ኖራ ሲቀቡ ስንጥቁንም ያያሉ፣ ሳይሰፋ ይደፍኑታል። ጥገናው እሱ ነበር።

እዚያ ከኋላ «የቀበሌ ቤት ነው፣ ለሰው ቤት ምን አገባኝ» የሚል ሰማሁ። እውነት አለው። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ሲወረስ አንድ ግቢ ለብዙ አባወራ ተከፋፈለ፤ የጋራ የሆነው ጣሪያ ባለቤት አጣ። ይህን ተከራይ ብቻውን ይሸከመው አልልም፤ አከራዩ የመንግሥት አካልም መጠየቅ አለበት። ግን ጣሪያው ሲያፈስ የሚተኛበት ማነው? አከራዩ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ የጥገና ማመልከቻ ጎረቤት ሆናችሁ በጋራ አስገቡ።

ሽንት ቤትና ወጥ ቤት አትሥሩ ማለቴም አይደለም። በ209/1992 አዋጅ ቅርስ ያለ ፈቃድ አይጠገንምና መጀመሪያ አስፈቅዱ፣ የውሃ ቱቦውን ከአሮጌው ግድግዳ አርቁ። ኑሯችን ካልተሻሻለ ጁገልን የሚጠብቀው ማን ሊሆን ነው?

ለሥራ ፈላጊዎቹ ደግሞ ልንገራችሁ። የሲሚንቶው ብር ድሬዳዋ ፋብሪካ ይገባል። የጭቃውና የኖራው ብር እዚሁ ሰፈር ይዞራል፤ አፈር ለሚያመጣው፣ ለሚያቦካው፣ ለሚለስነው። የድሮ ለሳኞች ግን እያለቁ ነው። ጫት በርጫ ላይ ሥራ ጠፋ የምትሉ ልጆች፣ አንድ ክረምት ከአንድ ሽማግሌ ጋር ብትውሉ ሙያ አላችሁ። ሌላም ገቢ አለ፤ የሹዋሊድ በዓላችን በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ እንግዳው ሲመጣ በነደባው መደብ ላይ መቀመጥ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ስፌት ማየት ይፈልጋል። ቤቱን የእንግዳ ማረፊያ ያደረገው ቤተሰብም፣ ሞሶብ የምትሸጠው እናትም የሚያተርፉት ያኔ ነው። ብሎኬት ለማየት አውሮፕላን የሚሳፈር የለም።

ስለዚህ እያንዳንዱ አፎቻ፣ መረዳጃ ማኅበራችን፣ ሁለት ሰው ይምረጥ። ከረመዳን በፊት ቤት ለቤት እየዞሩ ያንኳኩ፣ ባዶ ድምፅ የሰጠውን ይመዝግቡ። የሐዘን ቤት ድንኳን በአንድ ሰዓት የሚተክል አፎቻ ይህ አያቅተውም። መዝገቡን ይዘን ለቅርስ ቢሮ አብረን እንሄዳለን፤ የማን ቤት እንደሚቀድም የሚወሰነው በጉዳቱ እንጂ በዝምድና አይደለም።

በሉ ጥያቄ። እናቴ፣ እርስዎ ይቅደሙ፤ ቅድም ራስዎን ሲነቀንቁ አይቻለሁ።